ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዓሣና ስለ ዝምታዬ

ውሃ ሲጠራ ንጹሕ ይመስላል። ሰው ከምንጭ ቀድቶ፣ በብርሌ አድርጎ፣ ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ቢያየውና ጉድፍ ባያገኝበት ሳይጠራጠር ይጠጣዋል። እኔም ዕድሜዬ 30 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ስለ ውሃም ስለ ሰውም የነበረኝ አስተያየት ይኸው ነበር፤ የጠራው ንጹሕ ነው፣ የደፈረሰው ርኩስ ነው እል ነበር። በኋላ ግን እንደ መስተዋት በጠራ ውሃ ውስጥ ዓሣ ታፍኖ ሲያጣጥር በዓይኔ አየሁ። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ፤ ማበላሸቴንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ነገር ለወጣቶች ብጽፈው መልካም ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ በታሪኩ ውስጥ እኔ የማምርበት ቦታ የለምና።

በ2001 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ተሻግሬ በጅዳ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት ሾፌር ሆንሁ። ጅዳ የቀይ ባሕር ወደብ ናት፤ ከባሕሩ ማዶ የሱዳን ዳርቻ፣ ወደ ደቡብም ዝቅ ሲሉ ምጽዋ አለ። ጌታዬ ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ጥቂት የሚናገርና የተናገረውን የማይደግም ሰው ስለ ነበረ ሁላችንም እንፈራው ነበር። በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ፣ መጅሊስ በሚሉት፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘ የመስተዋት ገንዳ አሠርቶ ነበር፤ 1,200 ሊትር የባሕር ውሃ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ገንዳ አኳሪየም ይሉታል። ገንዳውን ይጠብቅ የነበረው ሠራተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በመድኃኒቱና በመሣሪያው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ሆኜ ስለ ተገኘሁ፣ ከመኪናው ጋር ዓሦቹም በእኔ ላይ ተጨመሩ። ደመወዜም በወር 200 ሪያል ከፍ አለ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ደስ ያለኝ በሪያሉ ነበር።

በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ጌታዬ ለትንሹ ልጁ ብሎ አንድ አዲስ ዓሣ ገዝቶ መጣ። ዓሣው ውሃና አየር በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ርዝመቱ የመሐል ጣቴን ያህላል። መልኩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጭና ውሃ ሰማያዊ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ተከብበውበታል፤ ድንጋይ ሲወረወርበት በኩሬ ላይ እየሰፋ የሚሄደውን ክብ ሠዓሊ የሣለበት ይመስላል። ስሙን ብጠይቅ «ኢምፐራተር» አሉኝ፤ ትርጓሜው ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ይህን ስም የሰጠው ማርከስ ብሎክ የሚባል የበርሊን ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1787 ነበር። ወገኑን ደግሞ የመልአክ ዓሣ ይሉታል። ንጉሠ ነገሥትም መልአክም የተባለ ፍጥረት በከረጢት ውስጥ ሆኖ በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ባይ ሳቄ መጣ።

ይህ ዓሣ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንሥቶ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ በኮራል ድንጋይ ዋሻ ውስጥ የሚኖር ነው። ሲያድግ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። የሚያስደንቀው ግን ልብሱን መለወጡ ነው። የልጅነቱ ቀለበት ቀስ በቀስ ይጠፋና ሰውነቱ ሁሉ በቢጫና በሰማያዊ መሥመር ይሸነሸናል፤ ጅራቱ ቢጫ ይሆናል፤ በዓይኑም ላይ ጥቁር መሸፈኛ የመሰለ ምልክት ይወጣል። ልጁና አዋቂው ከቶ ስለማይመሳሰሉ የቀድሞ ሊቃውንት ሁለት ልዩ ልዩ ዓሦች መስለዋቸው ሁለት ስም አውጥተውላቸው ነበር። (ነገር ካነሣን አይቀር፣ የሰሜኑን ዋልያ ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር በደረሰበት ጉዞው የቀይ ባሕርን ዓሦችም ሰብስቦ መዝግቧል። ተራራውንና ባሕሩን አንድ ሰው በአንድ መዝገብ አያያዛቸው።)

ዓሣው ገንዳው ውስጥ እንደ ገባ ከድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን ሳይበላ ዋለ። ይህ ወገን በባሕር ውስጥ የሚመገበው በተለይ ስፖንጅ የሚባሉትን ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት ነው፤ ስለዚህ ሌላው ዓሣ የሚሻማበትን ደረቅ ምግብ እንደ ምግብ አይቈጥረውም። እኔ ሽሪምፕ ቈርጬ ጣልሁለት፤ የደረቀ የባሕር ቅጠል በመቈንጠጫ አንጠለጠልሁለት። አፍንጫዬን ከመስተዋቱ ጋር አጣብቄ «በላ ወይስ አልበላም?» እያልሁ ሰዓቱን በሙሉ እጠብቅ ነበር። ጌታዬ ማታ ማታ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔም «ነገ ይበላል» እለው ነበር።

በዚያ ቤት ከእኔ በፊት የመጣች አንዲት የአገሬ ልጅ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ወሎ፣ ከሐይቅ አጠገብ የተወለደች፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍም። በስምንተኛው ቀን መጅሊሱን ልትጠርግ ገብታ እኔን በመስተዋቱ ፊት ተንበርክኬ ብታየኝ ሳቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓሣ ሰው እያፈጠጠበት አይበላም» አለችኝ። «አባቴ መረብ ሲጥል ጥላው እንኳ በውሃው ላይ እንዳይወድቅ ይጠነቀቃል። ዘወር በልለት።»

ወዲያውም ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አንድ አሮጌ አንሶላ አምጥታ የገንዳውን ግማሽ ሸፈነችው። እኔም ምክሯን ሰምቼ፣ ዛጎሉ የተከፈተ አንድ የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ፣ ሥጋው ያለበትን፣ ከዋሻው አፍ አስቀምጬለት ወጣሁ። በነጋው ስመለስ ዛጎሉ እንደ ታጠበ ሳሕን ነጽቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ዓሣው መብላቱን አላቆመም። ቈይቶም የእግሬን ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ይመስል ስገባ ከመስተዋቱ ፊት ይመጣ ጀመር። ጌታዬ ሲያመሰግነኝ አንሶላውን ማን እንዳመጣ አልነገርሁትም። አልጠየቀኝም ብዬ ነው። እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፣ የኋላው ዝምታዬ ድንገት የመጣብኝ እንዳይመስልህ ይህችን ትንሿን አስቀድሜ ነገርሁህ።

የባሕር ዓሣ መጠበቅ ውሃ መጠበቅ ነው። በወንዝና በሐይቅ ያለው ውሃ ዛሬ ሲጎድል ነገ ሲሞላ፣ ዛሬ ሲደፈርስ ነገ ሲጠራ ይኖራል፤ ዓሣውም ለምዶታል። የኮራል ድንጋይ ባሕር ግን እንደዚህ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ በዚያ ያደገ ፍጥረት ድንገተኛ ለውጥ ይገድለዋል። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው የቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ከገንዳው ውሃ በየቀኑ እየተነነ ይጎድላል፤ የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ይህን ያላወቀ ሰው የጎደለውን በጨው ውሃ ቢሞላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዓሦቹን ይጨርሳል። እኔ በመስተዋቱ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት የጎደለውን ያህል ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ እጨምር ነበር። የጅዳ ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ ውሃውን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ የሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ነበረ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሌሊት ተነሥቶ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው እኔ ነበርሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ግን ከገንዳው በታች ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር። ዓሣ ሲበላና ሲተነፍስ ከገላው አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ መልክ የለውም፤ ውሃውን አያደፈርስም። በባሕር ውሃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ከወንዝ ውሃ ይልቅ የበረታ ነው። ገንዳው የዓሦቹ መቃብር እንዳይሆን የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ያም ራሱ መርዝ ስለ ሆነ ሌላው ወገን ተቀብሎ እምብዛም ወደማይጎዳው ይለውጠዋል። ይህን የባክቴሪያ ሥራ ገልጦ ያሳየ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባል ሩሲያዊ ሊቅ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ገደማ። እነዚህ ፍጥረቶች በሣጥኑ ውስጥ ባለው ስፖንጅና በሸክላው ስብርባሪ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አዲስ ገንዳ ሲሠራ እነርሱ እስኪበዙ ከወር በላይ ይፈጃል፤ ለዚህ ነው ውሃ ሞልቶ በዚያው ቀን ዓሣ የሚጨምር ሰው በሳምንቱ የሚያለቅሰው።

ስፖንጁ በጊዜው መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ይደፈናል። አስተጣጠቡ ግን ሥርዓት አለው። ከገንዳው ራሱ ውሃ በባልዲ ይቀዳል፤ አንድ ስፖንጅ በዚያ ውሃ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ሌላው ለሌላ ሳምንት ይቈያል። በቧንቧ ውሃ አይታጠብም። የጅዳ የቧንቧ ውሃ ጨው የተለየለት የባሕር ውሃ ሲሆን ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ደግሞ የተፈጠረው እነዚህን የመሰሉትን ጥቃቅን ፍጥረቶች ለመግደል ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጣት ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ ስንዝር አደገ። ቀለበቶቹ እየተቈረጡና እየተቃኑ መሥመር ሆኑ፤ በፈትል የሚጠለፍ ጥበብ በየሳምንቱ አንድ ጣት ሲጨምር እንደ ማየት ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ በደብተሩ ላይ ይሥለው ነበር፤ የሐይቋም ልጅ እየሠራች ስታልፍ «ዛሬ ስንት ቀለበት ቀረው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከጅራቱ አጠገብ አንድ ቀለበት ብቻ ቀርቶት ነበር።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ተገጣጥመው ነበር። የቤቱ ሰዎችና የሐይቋ ልጅ ረመዳንን ይጾማሉ፤ እኔም ለብቻዬ ፍልሰታን እጾም ነበር። ዒድ አራት ቀን ሲቀረው ጌታዬ ከሪያድ የሚመጡ እንግዶችን ከአውሮፕላን ጣቢያ እንዳመጣ አዘዘኝ፤ ከመሄዴ በፊትም ገንዳውን እንዳጸዳ። ጊዜው አጭር፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር። ስፖንጁን ሁሉ፣ ሸክላውንም ጨምሬ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ጓሮ አውጥቼ በቧንቧው ጎማ አጠብሁት። ሲታጠብ እንዴት እንዳማረ! አዲስ መሰለ። ወደ ሣጥኑ መልሼ እጄን ጠርጌ ወጣሁ። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው በ10 ደቂቃ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ። ወደ ላይ ወጥቶ ከውሃው ገጽ ላይ አፉን እያሞጠሞጠ ቆመ። ውሃው ግን እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም፤ እንግዶቹ «ዓሦቹ በአየር ላይ የሚበሩ ይመስላሉ» እያሉ ያደንቁ ነበር። ማታ ሁሉም ሲተኛ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቼ መመርመሪያውን ጠብታ ጨመርሁበት። ቢጫ ሆኖ ቢቀር ደኅና ነው። እፊቴ ላይ እያየሁት አረንጓዴ ሆነ። ብልቃጡን አጥቤ ወደ ቦታው መለስሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም።

በነጋው ዒድ ነበር። ልጁ ስላለቀሰ ጌታዬ ዓሣውን የሸጠለትን ባለሱቅ በስልክ አስጠራው። ባለሱቁ መጥቶ እንደ እኔው ጠብታውን ጨመረ፤ እንደ እኔው አረንጓዴ አየ። ከዚያም «በዚህ ገንዳ አጠገብ የመስተዋት ማጠቢያ የረጨ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የተገባ ነበር፤ የመስተዋት ማጠቢያ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት። ለዒድ ብላ የገንዳውን መስተዋት የወለወለችው የሐይቋ ልጅ ነበረች። የሁሉም ዓይን ወደ እርሷ ዞረ።

እርሷም በዐረብኛዋ፣ ፈሳሹን በገንዳው አጠገብ እንዳልረጨች፣ ጨርቁን ወጥ ቤት ውስጥ አርጥባ እንደ መጣች ተናገረች። እውነቷን ነበር። እንዲህ እንድታደርግ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላጓደለችም። ደግሞስ ከእርጥብ ጨርቅ የሚተን ጥቂት ሽታ 1,200 ሊትር ውሃ እንዴት ይመርዛል? ይህንን ባለሱቁ ባያመዛዝነው እኔ አመዛዝኜዋለሁ። ማዳም ግን ቀድሞም በሌላ ነገር ተቀይማት ነበርና ቃሏን አልሰማችም። ጌታዬ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ያሰብሁትን አልደብቅህም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ በእርሱ እጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ በእኔ ገንዘብ ኮሌጅ ይማራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከሁሉ የበለጠብኝ እነዚህ አልነበሩም። በእንግዶች ፊት «ይህ ሰው ዓሣ ያውቃል» እየተባለ ሲወራልኝ ሰንብቶ ነበርና ያ ክብር እንዳይቀርብኝ ሳሳሁ። «እኔ በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ጣቢያ ነበርሁ» ብዬ መለስሁ። ቃሉ ሐሰት አልነበረበትም። እንደ ገንዳው ውሃ የጠራ ቃል ነበር።

የወሩን ደመወዟን ከልክለው፣ በዒድ ሦስተኛ ቀን፣ ወዳስመጣት ቢሮ እንድትመለስ ተፈረደባት። ሾፌሩ እኔ ነኝና የወሰድኋት እኔ ነኝ። አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። መንገዱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣

«ወንድም ጋሼ፣ ጨርቁን ወጥ ቤት እንደማረጥበው አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኋት።

ከዚህ በኋላ «ታዲያ ለምን አልተናገርህልኝም?» ትለኛለች ብዬ መሪውን ጨብጬ ጠበቅሁ። አላለችም። ምናልባት የሚፈራ ሰው ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቅ ነበር። ከመኪናው ስትወርድ ግን ሻንጣዋን ከእጄ ተቀብላ፣ «ዓሣውን አደራ፤ ልጁ ያዝናል» አለችኝ።

ዓሣው ዳነ። በየቀኑ 300 ሊትር ውሃ እየቀየርሁ፣ ምግቡን ቀንሼ፣ አየር የሚነፋውን መሣሪያ ጨምሬ፣ ሌሊት እየተነሣሁ ጠበቅሁት። ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪበዙ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ቀን በቀን ጠብታው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተመለሰ፤ ዓሣውም አንድ ቀን ጠዋት የባሕሩን ቅጠል ከመቈንጠጫው መንጭቆ በላ። ጌታዬ ደስ ብሎት 500 ሪያል ሰጠኝ። ተቀበልሁ። ይህን 500 ሪያል በኪሴ ይዤ ስዞር የተሰማኝን ለመግለጽ ብሞክር ያጌጠ ቃል ይሆንብኛል፤ ስለዚህ እተወዋለሁ። እንቅልፍ እንዳልነበረኝ ብቻ ልንገርህ።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለ ትልቅ የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥ መጠበቁ ራሱ ኃጢአት ነው ይላሉ። ቃላቸው ፈጽሞ ባዶ አይደለም። በቤት የሚጠበቁት የባሕር ዓሦች የሚበዙት ከባሕር የተያዙ እንጂ እንደ ዶሮ በሰው ቤት የተፈለፈሉ አይደሉም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ብዙ አጥማጆች ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ በኮራሉ ውስጥ እየረጩ ዓሦቹን አደንዝዘው ይይዙ ነበር፤ ዓሣውም ኮራሉም ይጎዳ ነበር። 40 ሳንቲ ሜትር ለሚያድግ ፍጥረት ትንሽ ገንዳ የሚገዛ ሰው እኔ በበኩሌ ከዓሣ ነጋዴው ይልቅ እወቅሰዋለሁ። ሆኖም የእኔ በደል ከዚህ ሙግት የሚደርስ አይደለም። እኔ ለዓሣው ሌሊት ተነሥቼ ለሰው ቀን አፌን ያልከፈትሁ ነኝ።

መስከረም 17 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ጌታዬ ብቻውን ሳለ ገብቼ 500ውን ሪያል በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ሁሉን ነገርሁት። አልተቈጣም። «ስፖንጁ ነው?» አለኝ። «የስፖንጅ ዋጋ ስንት ነው? በዚያን ቀን ብትነግረኝ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ነበር።» ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ሴቲቱስ?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ወደ ቢሮው ስልክ ደወለ፤ ጣይፍ ከተማ ወዳለ ቤት ሰጥተዋታል፤ ከዚያ የሚመልሳት የለም። የከለከላትን የወር ደመወዝ ከሣጥኑ አውጥቶ በ500ው ላይ ጨመረና «አንተ አድርስ» አለኝ። ከሥራ አላባረረኝም፤ ያን ያህል የፈራሁት ነገር ከቶ አልደረሰብኝም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የውሃውን ምርመራ መዝገብ የሚጽፈው ትንሹ ልጅ ሆነ። እኔ ጠብታውን ስጨምር እርሱ ከጎኔ ቆሞ መልኩን ራሱ እያየ ይጽፍ ነበር።

ስልኳ ተለውጦ ነበር። ዓርብ ዓርብ የሚገናኙትን የወሎ ሴቶች ብጠይቅ የሚያውቃት አላገኘሁም። በ2006 ዓ.ም. ውሌ አልቆ ወደ አገሬ ስመለስ፣ ጊዜው ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ የተመለሱበት ነበርና፣ በቦሌ ሻንጣቸውን ታቅፈው የተሰለፉትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ አለፍሁ። አልነበረችም። በሳምንቱ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ሐይቅ ሄድሁ። በሐይቁ ዳር አጥማጆቹን «ልጁ ጅዳ የነበረች» እያልሁ ብጠይቅ በሁለተኛው ቀን አባቷን አሳዩኝ።

ሽማግሌው ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ገንዘቡን በሁለት እጄ አቀረብሁና ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ዘገየ፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። እጃቸው መረቡን አላቆመም። ስጨርስ ገንዘቡን ቈጥረው በኪሳቸው ከተቱ።

«ገንዘቡን ተቀብያለሁ» አሉኝ። «የቀረውን እኔ አልቀበልልህም፤ ለእርሷ ንገራት።»

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ስልክ አውጥተው ጥቂት ካነጋገሯት በኋላ «እንግዳ መጥቷል» ብለው ሰጡኝ። ድምፄን ወዲያው አወቀችው። ሰላም ካልኋት በኋላ ቃል ስፈልግ እርሷ ቀደመችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓሣው ዳነ?»

«ድኗል» አልኋት። «እጅግ አድጓል። አሁን ክንድ ሊያህል ጥቂት ነው የቀረው።»

«ያ ከጅራቱ በኩል የነበረው ቀለበትስ?»

«ጠፍቷል፤ መሥመር ሆኗል።»

ሳቀች። ሽማግሌው መረባቸውን ሰብስበው ወደ ታንኳቸው ሄዱ። እኔም የመጣሁበትን ነገር መናገር ጀመርሁ።